ባለካባው ሰውዬ አማቴ ቤት

አንዳንድ ሰው ሲደብረው ጠላ ቤት ይሄዳል፤ አንዳንዱ ኳስ ያያል። እኔ እፈራለሁ። መፍራት እንዴት እንደምወድ አትጠይቁኝ! ታዲያ የምፈራው እንዲሁ በየመንገዱ አይደለም፤ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ፣ የሽምብራ ቆሎዬን በአጠገቤ አድርጌ ነው። የማወራችሁ ስለ አስፈሪ ፊልሞች ነው፤ ስለ ድሮዎቹ፣ ስለ ጥቁርና ነጮቹ። ደም እንደ ቧንቧ ውኃ ስለሚፈስባቸው ስለ ዛሬዎቹ አይደለም። እነሱን ሳይ ቅርጫ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። የድሮዎቹ ጨዋ ናቸው። በር ሲጥጥ ይላል፣ ሻማ ይጠፋል፣ ግድግዳው ላይ አንድ ጥላ ይወጣል፤ ከዚያ የጥላው ባለቤት ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ እጅ ነሥቶ ይገባል። ሰው ሊበላ መጥቶ እንኳ ሰላምታ አያጓድልም።

ይህ ፍቅር የያዘኝ ቢቸና ተማሪ ሳለሁ ነው። ከገበያው ወረድ ብሎ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ሰው የሚገባው ለካራቴና ለሕንድ ፊልም ነው። አንድ ቀን ባለቤቱ ካሴት ተምታታበትና ጥቁርና ነጭ ፊልም ከተተ። ታዳሚው አፏጨ፤ አግዳሚው ተደበደበ፤ ብዙው እየተራገመ ወጣ። እኔ ቀረሁ። አንድ ረጅም፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ ካባ የለበሰ ሰውዬ ደረጃ ይወርዳል። ሌላ ምንም አላደረገም እኮ፤ ደረጃ ወረደ፣ በቃ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ደረጃ እንዲያ የወረደ ሰው አላየሁም። ሚኒስትሮች በቴሌቪዥን ከአውሮፕላን ሲወርዱ አይቻለሁ፤ አይደርሱበትም።

የተዋናዮቹን ስም ብጠራላችሁ ደስ ባለኝ። ዳሩ ምላሴ ላይ ይጣመማል፤ ስለዚህ እኔው በየጠባያቸው ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ደረጃ ወራጁ "ባለካባው" ነው። ዓይኑ ጎላ ጎላ ያለ፣ በሄደበት ፊልም ሁሉ ፋኖስ ይዞ በር የሚከፍት አጭር ሰው አለ፤ እሱን "ዓይኖ" እለዋለሁ። አንዲት ቆንጆ ደግሞ አለች፤ ሙያዋ መጮኽ ነው። ሌላው ተዋናይ ንግግር ሲያጠና እሷ ጉሮሮዋን ታጥባ ትመጣለች መሰለኝ። እሷ "ጯሂዋ" ናት።

ሚስቴ እናኑ አዋላጅ ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ እውነተኛ ጩኸት ስትሰማ ውላ ቤት ስትገባ ጯሂዋ ትቀበላታለች። "አንተ ሰው፣ እኔስ ደመወዝ እየተከፈለኝ ነው የምሰማው፤ አንተን ምን አገኘህ?" ትለኛለች። እኔም ድምፁን ቀነስ አደርግላታለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የእናኑ እናት፣ እማማ አንጓች፣ ሞጣ ነው የሚኖሩት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንጋይ አዳልጧቸው ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ባሕር ዳር ታከሙ፤ ዳኑ። ሐኪሙ "አጥንቱ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ መድኃኒትዎ መራመድ ነው" አላቸው። እሳቸው ግን አልጋቸው ላይ ወጥተው ቀሩ። ልጆቻቸው ለመኗቸው፤ ጎረቤት ለመናቸው፤ የንስሐ አባታቸው መምሬ ስሜነህ ገሠጿቸው። ክረምቱ አልቆ በጋው ሲገባም እሳቸው አልጋ ላይ ናቸው። ታላቂቱ ልጃቸው ነበረች የምታስታምማቸው፤ እሷም ባሕር ዳር የማይቀር ጉዳይ ገጠማት። እናኑ ፈቃድ አላገኘችም። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ተዘግቷል። ዕጣው በማን ላይ እንደወደቀ አያችሁ።

እናኑ ቢቸና መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። "እምዬን አስነሣት አልልህም" አለችኝ። "ስንቱ ሞክሮ አቅቶታል። ምግቧን በሰዓቱ ስጣት፤ ብቻዋን አትተዋት። ደግሞ እነዚያን አጋንንቶችህን እንዳታሳያት! ልቧ ድንጉጥ ነው።"

"ላፕቶፑን የያዝሁት ለትምህርት ዝግጅት ነው" አልኋት። አላመነችኝም፤ ሚኒባሱ ግን ሞልቶ ነበርና ተነሣን።

አማችና አማት እኛ ዘንድ ተፋፍረው ነው የሚኖሩት። እኔና እናኑ ከተጋባን ጀምሮ ከእማማ አንጓች ጋር የተነጋገርነው ሁሉ ቢጠራቀም "እንዴት ሰነበቱ" እና "እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። አሁን ግን እሳቸው አልጋ ላይ፣ እኔ በሩ አጠገብ ዱካ ወንበር ላይ ሆነን ተፋጠጥን። ጧትና ማታ ጎረቤታቸው እትዬ ሙሉነሽ መጥተው ገላቸውን ያጥቧቸዋል፣ ልብስ ይቀይሩላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ። እኔ ጣራውን አያለሁ፤ እሳቸውም ጣራውን ያያሉ። የዚያን ቤት ጣራ አሁን በቃሌ አውቀዋለሁ።

መቋቋም ሲያቅተኝ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ ባለካባውን ከፈትሁ። ማን ያያል ብዬ! ጥቂት እንደቆየሁ የሆነ ድምፅ ሰማሁና ማዳመጫውን ነቀልሁ።

"አንተ ልጅ፣ ስጠራህ አትሰማም? ምንድን ነው እንዲህ ዓይንህን አፍጥጠህ የምታየው?"

"ት... ትምህርት ነው እማማ። ጂኦግራፊ።"

"ጂኦግራፊ ነው እንዲህ የሚያስማትብህ? ና አሳየኝ።"

ምን ላድርግ? አጠገባቸው ተቀመጥሁና አሳየኋቸው። ባለካባው የሬሳ ሣጥኑን ክዳን ቀስ አድርጎ ከፍቶ ሲነሣ ነበር። እኔ ፊልሙን ትቼ እሳቸውን አያለሁ፤ ልባቸው ቀጥ ቢል ምን እንደማደርግ አስባለሁ። እሳቸው ግን ትኩር ብለው አዩትና፣

"ምነው እንዲህ አመድ መሰለ? ሚስት የለውም?" አሉኝ።

"የለውም። አንድ ግንብ ውስጥ ብቻውን ነው የሚኖረው።"

"ያን በሚያህል ግንብ ብቻውን!" ከንፈራቸውን መጠጡ። "ታዲያ ሰው ቢነክስ ይፈረድበታል?"

በማግስቱ ቁርሳቸውን እንደበሉ ራሳቸው ጠየቁኝ፤ "ያ ጂኦግራፊ የለም ዛሬ?" ሌላ ፊልም ከፈትሁላቸው። ባለካባው ገና ብቅ ሲል ከትራሳቸው ቀና አሉ።

"ይኼ ሰውዬ ትናንት አልሞተም እንዴ? ደረቱ ላይ እንጨት ሲተክሉበት በዓይኔ አይቼ!"

"ተዋናይ ነው እማማ፤ እንጀራው ነው። መሞት ሥራው ነው።"

"በየፊልሙ?"

"በየፊልሙ።"

"አሁንስ አለ?"

"የለም። ካረፈ ብዙ ዘመኑ ነው።"

ሰውዬው ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ ጠበቁና፣ "ነፍስ ይማር" አሉ። "እንዲህ ሲሞት ሲሞት ኖሮ፣ የእውነቱን ጊዜ ማን አልቅሶለት ይሆን?"

ይህን ሁሉ ዓመት ሳየው፣ ሲፈራኝ... ማለቴ ስፈራው ኖሬ፣ ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አፈርሁ።

ከዚያ ወዲያ መተፋፈሩ ቀረ። ዓይኖ ፋኖሱን ይዞ ሲመጣ "ይኼ ምስኪን ዛሬም በር ከፋች ነው? ዕድገት የለውም?" ይላሉ። ጯሂዋ ስትጮኽ "ኧረ ቀስ፣ ሳንባሽን!" ይሏታል። አንድ ቀን ከሰዓት ፊልሙ ሲያልቅ ጠየቅኋቸው።

"እማማ፣ እርስዎ ምንም አይፈሩም ማለት ነው?"

"እፈራለሁ እንጂ። ግን ባለጥርሱን አይደለም ልጄ። ያችን ነው።" በአገጫቸው ወለሉን አሳዩኝ። "የወደቅሁ ጊዜ አጥንቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀሽ ሲል ሰምቼዋለሁ። እግሬን ከአልጋ ባወረድሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ሰው ሰነፈች ይለኛል። ምን ብዬ ላስረዳ?"

እኔ ፈሪ ነኝ ብዬ ስፎክር የኖርሁት ሰውዬ፣ ትራሳቸውን አስተካከልሁላቸውና ውኃ ላመጣ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ነው ብልህ ልሁን ያልሁት። የላፕቶፔ ባትሪ ያረጀ ስለሆነ መብራት ላይ ካልተሰካ አይሠራም። የመኝታ ቤቱ ሶኬት ተበላሸ። (ራሱ ነው የተበላሸው፤ እኔ የለሁበትም።) ላፕቶፑን ሳሎን ወስጄ ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር አያያዝሁት።

"እማማ፣ ሳሎን ቢመጡ እኮ ባለካባው በቁመቱ ልክ ይታያል! ቀስ ብለን፣ ደግፌዎት።"

"ቴሌቪዥኑን ወዲህ አምጣው።"

"ግድግዳ ላይ የታሰረ ነው።"

"እንግዲያ ድምፁን ከፍ አድርገው። የሚያደርገውን አንተ ትነግረኛለህ።"

እንዲህ ሆኜ ከአስተማሪነት ወደ ሬዲዮ ኳስ አስተላላፊነት ተዛወርሁ። እኔ ከሳሎን እጮኻለሁ፤ እሳቸው ከመኝታ ቤት ይጠይቃሉ።

"አሁን በሩን ከፈተ! ልጅቱ ተኝታለች! ጎንበስ አለ!"

"ሻማውስ?"

"ጠፋ!"

"ጠፋ ወይስ አጠፋው?"

ይህን የሚጠይቅ ተመልካች በዓለም ላይ ይኖራል? መልሼ አይቼ "ነፋስ ነው" አልኋቸው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለእሳቸው ጆሮ ስለማይበቃ በየቀኑ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አደረግሁት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጯሂዋ ዋና የሆነችበትን ፊልም ከፍተን ሳለ ለወጥ ሽንኩርት አለመኖሩ ትዝ አለኝ። ፊልሙን ላቆመው ስል "አትዝጋው፤ እኔ እሰማለሁ። ሄደህ ና" አሉኝ። እናኑ ብቻቸውን አትተዋቸው ስላለች፣ ለጥንቃቄ ብዬ የግቢውን በር ከውጭ ቆለፍሁና ቁልፉን ኪሴ ከተትሁ። ለጥንቃቄ! ባለሱቁ ደግሞ የቢቸና ሰው ሆነና ስለ አገራችን ጤፍ ስናወራ ቆየን።

ስመለስ፣ ጥጉን እንደታጠፍሁ እትዬ ሙሉነሽን አየኋቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ "ወየው አንጓቼ! ወየው እኅቴን!" እያሉ ይሮጣሉ። ከኋላቸው ሌሎች ሴቶች። ከወዲያ የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል። የግቢያችን በር ላይ ሰው ጢም ብሏል።

"ምን ሆኑ?" አልሁ።

"አንተዬ፣ የሞት ጩኸት ጮኹ! አንድ ጊዜ ነው የጮኹት፤ ከዚያ ጭጭ አሉ! በሩም ተቆልፏል!" አለችኝ ከሴቶቹ አንዷ።

ሽንኩርቱ ከእጄ ወድቆ ቁልቁል ተንከባለለ። ልነሣ ብለው ወድቀዋል ማለት ነው። ማን አነሣሣቸው? እኔ ከነቴሌቪዥኔ! ማሰብ የሚባል ነገር ጥሎኝ ሄደ። ስልኬን አውጥቼ ቢቸና ደወልሁ። "እናኑ... እምዬ..." አልሁ፤ ከዚያ በላይ አልወጣልኝም። ከወዲያ በኩል ኡኡታ ሰማሁ፤ ኔትወርኩም እዚያው ላይ ጠፋ።

ለቅሶ ደርሼ አውቃለሁ፤ አልቅሼ ግን አላውቅም። ዓይኔን በመሐረብ ጠረግ አድርጌ ንፍሮዬን የምበላ ሰው ነበርሁ። ያን ቀን ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ በሩን ይዤ ጮኽሁ። "እማማ! ለእናኑ ምን እላታለሁ! ወይኔ እናኑ! ማንም ላልጠየቀው ሰው የጠየቁ! ባለካባውን ነፍስ ይማር ያሉ! አሁን ማን ሻማው ጠፋ ወይስ አጠፋው ይለኛል!"

ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"ባለካባው ማነው?"

"ጳጳስ ሳይሆን አይቀርም።"

ቁልፉን ከእጄ ወስዶ በሩን የከፈተው ሌላ ሰው ነው። እየተጋፋን ግቢው ውስጥ ገባን። መምሬ ስሜነህ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ናቸው፤ የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን እንጨት ተሸክመው ከኋላ። ያን ጊዜ የቤቱ በር፣ እግዚአብሔርን፣ ሲጥጥ አለ።

እማማ አንጓች በሩ ላይ ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ተከናንበዋል፤ ጸጉራቸው ተበትኗል፤ ፀሐይ ያላየው ፊታቸው ወረቀት መስሏል። አንድ እጃቸው የበሩን መቃን ጨብጧል።

"ተነሡ!" ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። ከአልጋ ማለቱ ይሁን ከሙታን እስካሁን አልተጣራም። ብቻ ሕዝቡ አንድ ሆኖ ወደ ግቢው በር ተመመ፤ የድንኳኑ እንጨት መሬት ላይ ተንኮሻኮሸ፤ መምሬ እንኳ መስቀላቸውን ወደፊት አድርገው እግራቸውን ወደ ኋላ አስኬዱት። ዕድሜዬን በሙሉ እንዲህ ላለ ቀን ስለማመድ የኖርሁት እኔስ? አቧራው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥሁ። ለካ ጀግንነቴ ከነወንበሬ ነው።

"ምን ሁናችሁ ነው?" አሉ እማማ አንጓች። "የት አለ ልጁ?"

"የ... የቱ ልጅ?" አሉ መምሬ።

"የእናኑ ባል ነዋ! መብራት ጠፋ፤ ዝም ብዬ ተኝቼ ሳለሁ በሬ ላይ 'ወይኔ እናኑ' እየተባለ ይለቀሳል። ሽንኩርት ልገዛ ብሎ እንደወጣ መኪና ገጨብኝ ብዬ እኮ..." ከዚያ አቧራው ላይ አዩኝ። "አለህ?"

"አለሁ እማማ። እርስዎስ አሉ?"

"አለሁ።"

እኔ እሳቸውን ሳለቅስ፣ እሳቸው እኔን ሊያለቅሱ ነበር የወጡት። ጯሂዋ እንደ ልማዷ ጮኻለች፤ እሷ እንደጨረሰች መብራት ሄዷል፤ የቀረውን እኛው ነን የሠራነው። እትዬ ሙሉነሽ ከአጥሩ ሥር ብቅ ብለው፣ "አንጓቼ፣ ቆመሽ እኮ ነው!" አሉ። እማማ አንጓች ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ። ያን ጊዜ ነው መቃኑን በሁለት እጃቸው የያዙት። ሮጥሁና በብብታቸው ገባሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አማቴን እንዲህ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እንደ ወፍ ቀላል ናቸው።

"ያ ድምፅስ?" አልኋቸው በጆሮአቸው።

"ኧረ ማን ሊሰማው፣ በናንተ ጫጫታ!" አሉ። ከዚያ ደገፍ ብለውኝ እስከ ግቢው ወንበር ድረስ ተራመዱ። የሸሸው ሰው አንድ በአንድ ተመልሶ ግራና ቀኙን ቆመ፤ ያጨበጨበ የለም፤ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ እግራቸውን ያያል።

እናኑ ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ሙሉ ሚኒባስ ዘመድ ይዛ፣ ከቢቸና ሞጣ ድረስ እያለቀሱ መጡ፤ ሾፌሩ ሳይቀር ዓይኑ አብጧል። ደረትዋን ልትመታ እጅዋን አንሥታ ስትገባ እናትዋ መሐል ግቢ ወንበር ላይ ሆነው፣ ጎረቤት ለሐዘኑ የቀቀለውን ንፍሮ ይበላሉ።

"እንኳን መጣሽ" አሏት። "ንፍሮ አለ።"

እናኑ እግራቸው ላይ ተደፍታ የሆነችውን ልነግራችሁ አልችልም። ስትነሣ ዞር ብላ አየችኝ። ባለካባው እንዲህ ማየት ቢችል ጥርስ ባላስፈለገው ነበር።

ምርመራው የተካሄደው ሳሎን ውስጥ ነው። መብራት መጥቶ ነበርና መምሬ "ያችን የጮኸችውን አቅርብ" አሉኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ተኮልኩሎ ተቀመጠ። ፊልሙን መለስ አድርጌ ከፈትሁ። ጯሂዋ አፏን ስትከፍት ቤቱ በሙሉ አብሮ ጮኸ፤ እትዬ ሙሉነሽ የመምሬን ክንድ ጨብጠው ቀሩ። መምሬ እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁና ጥቂት አሰቡ።

"ልጅቱ ምንም አላጠፋችም፤ እውነትም ያስጮኻል" አሉ። "ጥፋቱ የድምፁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሳሎን ተቀምጠው፣ ድምፁ ተቀንሶ ይታይ።"

እናኑ በፍርዱ አልተደሰተችም፤ ግን ማን ይግባኝ ይላል?

ሰው ሊበተን ሲል እማማ አንጓች ጠሩኝ። "ና እስቲ፣ ምን ብለህ ነው ያለቀስህልኝ?"

"ኧረ ይተዉት እማማ።"

"ምኑን እተወዋለሁ? የራሱን ለቅሶ የሰማ ማን አለ? ንገረኝ።"

እኔ አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ሙሉነሽ ግን አንዲት ቃል አልጠፋባቸውም፤ ተነሥተው ከነዜማው፣ ከነደረት መምታቱ አወረዱት። እናኑ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ እናትዋን አየች፤ ፊትዋ ላይ የነበረው ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። እማማ አንጓች ከባሕር ዳር ይዘውት መጥተው እስከ ዛሬ ባልነኩት ከዘራ ላይ አገጫቸውን አስደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ ዓይናቸውን በጋቢው ጠረግ አደረጉ።

"ደኅና ነው" አሉ። "ግን ስለ ባለሙያነቴ አንድም ነገር አላነሣህም። ለእውነተኛው ጊዜ ጨምርበት።"

ይህን ብለው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣ ወለሉን አንድ ጊዜ ገላምጠውት፣ ለቀስተኛውን ሊሸኙ ወጡ።